የእድሩ ኮምፒዩተርና ፀሐይቱ

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

የእድሩን ቤት ዛሬ አስረከብን። እንደ ሰፈራችን እንደ ካዛንቺስ ሁሉ እሱም በዚህ ሳምንት ይፈርሳል ተብሏል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ድስቶቹ ላንቻ ወዳለው የደጋጋ ግቢ ገቡ፤ ደጋጋ የእድራችን ሊቀ መንበር ነው፣ ግቢውም ሰፊ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን የጸሐፊው ነው ተብሎ እኔ ቤት መጣ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ መዝገብ ቤት ሠርቼ እዚህም ከመዝገብ አላመለጥኩም።

ሳሎን ውስጥ፣ ከባለቤቴ ከፀሐይቱ አልጋ ራስጌ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አልጋዋን ወደ ሳሎን ያወጣነው የጠዋት ፀሐይ ስለሚገባበት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ትንሽ ድካም አለባት።

ሰካሁት፣ በራ። ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጻፈና ቀጥ አለ። የምነሳበት ነገር አጣሁ ነው የሚለው። አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ ያው ነው።

ይህ ኮምፒዩተር በውስጡ ሁለት ሲስተም አለው። ሲበራ መጀመሪያ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል። አንደኛው ዊንዶውስ ነው፣ ደብዳቤ የምጽፍበት። ሁለተኛው ኡቡንቱ ይባላል፣ የእድሩ የመልእክት ፕሮግራም ያለው እዚያ ነው። የሠራልን የጎረቤታችን ልጅ ኢያቄም ነው፤ አሁን ሐዋሳ ሥራ ይዟል። ሰው ሲያርፍ ስሙን እጽፋለሁ፣ አንዲት ነገር እጫናለሁ፣ የአባላቱ ሁሉ ስልክ ላይ ይደርሳል። ድሮ ይህን የሚያደርገው የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ገበያው ነበር፣ በማለዳ በየመንደሩ ጥሩንባ እየነፋ።

ፀሐይቱ ከአልጋዋ ሆና ስታየኝ ቆየችና እንግዳ ባመጣህ ቁጥር እንዲህ ነው የምታፈጥበት አለችኝ።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

በችኮላ። አንድ ጠጋኝ አመጣሁ፣ ኡራኤል አካባቢ የሚሠራ ወጣት። አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ "ፎርማት ነው የሚያስፈልገው" አለ። እንደኛ አገር ጠጋኝ ፎርማት የሚወድ የለም። ቴሌቪዥንም ብሰጠው ፎርማት ይለዋል። እኔም እሺ አልኩት። ምሳዬን ሳልጨርስ ዊንዶውስ ተነሳ፣ ጽድት ብሎ፣ ሰማያዊ ሆኖ። ደስ አለኝ። ጠጋኙ ከወጣ በኋላ ነው ያስተዋልኩት፦ የቱን ልክፈት ብሎ መጠየቁን ትቷል።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ኢያቄም ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ብቻ ፎርማት እንዳታስደርጉት" አለ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ። ትናንት አንድ ልጅ መጥቶ፣ ብዬ ጀመርኩ። እሱም ገባው። ከዚያ ሊያጽናናኝ ሞከረ፤ የዊንዶውሱን ክፍል ብቻ አጥፍቶት ከሆነ የኛው ዕቃ ከጎኑ ተደብቆ ይኖራል፣ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ አለኝ። ዝርዝሩን በፍላሽ እንድገለብጥ ከዓመታት በፊት ነግሮኝ እንደነበር አላነሳብኝም። እኔም አላነሳሁበትም።

የወረቀቱ መዝገብ አለ። ግን ኮምፒዩተሩ ከመጣ ወዲህ አልጻፍኩበትም። ያለው የቤት ቁጥርና የቤት ስልክ ነው። ቤቱም ስልኩም አሁን የለም። አባሎቻችን ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ አራብሳ ተበትነዋል። ሰው ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ተከትዬ የሞባይል ቁጥሩን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ የአንዳንዱን መኪናው ከተነሳ በኋላ በመስኮት። ሁሉንም ያስገባሁት እዚያ ውስጥ ነው።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

የእድራችን አባል አምኃ አረፈ። አብዛኛው አባል የሰማው ከተቀበረ በኋላ ነው።

ሚስቱ ጀማነሽ ደወለችልኝ፣ አልቅሳ ሳይሆን ተቆጥታ። ለእድሩ በስልክ ነግሬ ነበር፣ መልእክት ይላካል ብዬ ስጠብቅ ነበር አለችኝ። እውነት ነው፣ ደጋጋ ነግሮኛል። በእጄ ስልክ ውስጥ ላሉት ደወልኩ፤ ግማሹ አላነሳም፣ ያነሳውም ከከተማው ዳር እስከ ዳር ተሻግሮ ሊደርስ አልቻለም። አምኃን የቀበሩት አዲሱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። ደግ ሰዎች ናቸው ትላለች ጀማነሽ። ግን አንዱ የሟቹ ስም ማን ነበር ብሎ ጠየቀኝ ትላለች።

ይህ ሰው ለሰላሳ ዓመት የካዛንቺስን ለቀስተኛ ቡና በፔርሙዝ እየዞረ ያጠጣ ሰው ነው።

ማታ ፀሐይቱ ስንት ሰው ነበር አለችኝ። ብዙ ሰው ነበር አልኳት። ፊቴን አየችና ወደ ግድግዳው ዞረች። እዚያው እንደዞረች፣ "እኔንስ ማን ይሰማኛል?" አለች። ምን ያመጣው ወሬ ነው ብዬ ተቆጣኋት። ባልቆጣ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ዊንዶውሱን ከፍቼ ስፈልግ አንድ የማላውቀው ክፍል አየሁ። ነካሁት። ይህን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት፣ ይደረግ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎና አይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እጄ ማውሱ ላይ ነበር። ዕድሜ ልኬን ለተጠየቅኩት ሁሉ አዎ ማለት ለምጃለሁና አዎ ላይ አደረስኩት።

"ያላወቅኸውን አትንካ" አለች ፀሐይቱ ከኋላዬ። የተኛች መስሎኝ ነበር። አይ የሚለውን ተጫንኩና ኮምፒዩተሩን አጠፋሁት።

ዛሬ ምሳ ሁለት ጉርሻ በላች። ከትናንቱ ይሻላል።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ሆስፒታል ሄድን፣ እኔ፣ ፀሐይቱና ልጃችን ሰብሊ። ሰብሊ ሰንጋ ተራ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፣ ፈቃድ ወስዳ ነው የመጣችው። ዶክተሩ ጥሩ ሰው ነው፣ ወረቀቱን ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ መመላለሱ ያደክማታል፣ ቤቷ ትሁን፣ ያሰኛትን ስጧት፣ ሕመም እንዳይሰማት ይህን ትውሰድ አለን። ስለዚህ የሚያሰጋ ነገር የለም ማለት ነው። ቢኖር ኖሮ ያስተኛት ነበር።

ሰብሊ ታክሲ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እስከ መስቀል አደባባይ አፍንጫዋን ስትጠርግ ነበር። ጉንፋን ይዟታል።

እማዬን እኔ ጋ ልውሰዳት ብላ ደግሞ ጠየቀች። ፀሐይቱ እንቢ አለች። "ሰው የሚያውቀኝ በዚህ በር ነው" ነው የምትለው። በእርግጥ ከኛ ረድፍ ሌላ ሰው የሚኖርበት በር የቀረ የለም። ከበራችን ወጥቼ ስቆም ድሮ በጭራሽ የማይታየው የትልቁ ሆቴል አጥር ፊት ለፊት ይታየኛል። የኛ ረድፍ የሚፈርሰው ከጥምቀት በኋላ ነው ይላሉ።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ላንቻ ራቢያ የምትባል ጠጋኝ አገኘሁ። ደጋጋ ነው የጠቆመኝ። ጠባብ ሱቅ አላት፣ ስልክና ኮምፒዩተር እስከ ጣሪያው ተደራርቧል። ስታወራ ትፈጥናለች፣ አንዱን ነገር ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች፣ ማስቲካም ታኝካለች። መጀመሪያ አልወደድኳትም። ፎርማት አስደርጌው ነበር ስላት ግን ማስቲካዋን አቆመች።

ኮምፒዩተሩ ከባድ ስለሆነ እሷ መጣች። ፍላሽ ሰካች፣ ከፍላሹ ላይ ሌላ ኡቡንቱ አስነሳች፣ የተደበቀውን ክፍል ከፈተች። ፋይሎቹ ተራ በተራ ወረዱ። የእድሩን ስም አየሁት።

"ቤቱ አለ ጋሼ" አለችኝ። "በሩ ነው የጠፋው። በቃ፣ በሩን መልሰን እንሠራለን።"

ከቤታችን ውጭ፣ ቤቱ ፈርሶ ብቻውን የቆመውን የጎረቤት በር እያየሁ፣ እዚህ ሰፈር ተቃራኒው ነው ልላት ፈልጌ ተውኩት።

ዝርዝሩን ብቻ ልትገለብጥልኝ ሞከረች፤ ኢያቄም የሰው ስልክ እንዳይወጣ ቆልፎታል፣ ፕሮግራሙ ራሱ ካልተነሳ አይነበብም። ልጁ ጠንቃቃ ነው። አሁን ጥንቃቄው እኛን ቆለፈን።

ፀሐይቱ ራቢያን አጠገቧ አስቀምጣ ስለ እናቷ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቀቻት። ራቢያ ስትወጣ እጇን ይዛ፣ "ቶሎ በይልን የኔ ልጅ፣ እሱ ሲያስብ ይከሳል" አለቻት። ራቢያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እሷን። 

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ተነሳ! ራቢያ በስልኳ ኢንተርኔት አገናኝታው ረጅም ነገር ጻፈች፣ አጠፋችው፣ አበራችው። የቱን ልክፈት? ብሎ ጠየቀ። እንደ ሕፃን እጄን አጨበጨብኩ። ፀሐይቱም ሳቀች፣ ከሳቀች ሰንብታለች። ፕሮግራሙን ነገ ተረጋግቼ አያለሁ፣ ዛሬ ራቢያም መሽቶባታል።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ጠዋት ሳበራው ያው ጥቁር ስክሪን፣ ያው አንድ መስመር።

ሕዳር 3፣ ማክሰኞ

ራቢያ ሁለት ጊዜ መጣች፣ ሁለት ጊዜ አስነሳችው። እሷ ከሄደች በኋላ መብራት ይጠፋል፣ ኮምፒዩተሩም ይጠፋል። የማይነሳው መብራት ሲጠፋ መሆኑን ነገርኳት፤ ላስብበት አለች። እስካሁን ከፕሮግራሙ ጋር ተቀምጬ አንድም መልእክት አልላክኩም። መልእክቱን የሚልከው ሞደምም ሲም ካርዱ ወጥቶበት የት እንዳለ ስፈልግ ነበር፣ ከፀሐይቱ መድኃኒት ጋር በአንድ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት።

ዛሬ ደጋጋና ገበያው ፀሐይቱን ሊጠይቁ መጡ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። እኔ ውስጥ ሽቦ እየሰበሰብኩ ነበር።

"ሰውዬው ኮምፒዩተሩን ነው እንዴ የሚያስታምመው?" አለ ደጋጋ።

ገበያው ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ጥሩንባውን ይነፋ የነበረ ሰው አይመስልም።

ደጋጋ የሚለው ትክክል አይደለም። መድኃኒቷን በሰዓቱ የምሰጣት እኔ ነኝ። ሾርባዋን የማሞቀው እኔ ነኝ። ኮምፒዩተሩንም የምታገለው ለማን ሆነና ነው? የእድሩ ነው እንጂ የእኔ የግል ጉዳይ አይደለም። አንዲት ሴት ትንሽ ደክማለች፣ እግረ መንገዴን ደግሞ የእድሩን ሥራ እሠራለሁ። ይኸው ነው።

ይህን ጽፌ መልሼ ሳነበው አላመንኩትም። ይሁን፣ አልሰርዘውም።

ሕዳር 12፣ ሐሙስ

ሕዳር ሲታጠን። በየደጁ ቆሻሻ ተሰብስቦ ተቃጠለ። ድሮ በዚህ ቀን እያንዳንዱ ደጅ ላይ ጭስ ነበር፣ ልጆች ከአንዱ እሳት ወደ አንዱ ይሮጣሉ። ዛሬ የኛ ረድፍ ብቻ ነው ያጨሰው። ፀሐይቱ መስኮቱን ክፈተው፣ ልሽተተው አለች። ከፈትኩት። ሳሏ ያዛት፣ ብዙ ጊዜ አልለቀቃትም፣ መሐረቡ ላይ ደም ነበር። መሐረቡን እኔ ሳላየው ልትደብቀው ሞከረች። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ መሐረብ ስንደባበቅ።

ማጠቢያው ጋ ሄጄ አጠብኩት።

ሕዳር 14፣ ቅዳሜ

ተገኘ። ራቢያ ዛሬ ፕሮግራሙን ትታ ብሎኑን ፈታች፣ የኮምፒዩተሩን ሆድ ከፈተች። ውስጡ እንደ ሳንቲም የሆነች ክብ ባትሪ አለች። ከየት መነሳት እንዳለበት የሚያስታውሰው በእሷ ነው። ደርቃለች። እድሩ ቤት ሳለ ከሶኬቱ ስለማይነቀል፣ መብራቱም እዚያ መስመር ላይ ብዙ ስለማይጠፋ፣ ባትሪዋ መሞቷን ማንም አላወቀም። ዕቃ ስንጭን ነቀልነው፣ በዚያው ሁሉን ረሳ። ፎርማቱም፣ ያ ሁሉ ልፋትም ሳያስፈልግ ይቺን መቀየር ብቻ ይበቃ ነበር።

ራቢያ በራሷ ተናደደች። "መጀመሪያ ማየት የነበረብኝ ይቺን ነው" አለች። ሰዓቱን አሳየችኝ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ወደ ተሠራበት ዓመት ይመለሳል። ያ ዓመት የቱ ነበር ብዬ አሰብኩ። ሰብሊ ዩኒቨርሲቲ የገባችበት ነው። ፀሐይቱ በሳምንት ሁለት ቀን ካዛንቺስን አቋርጣ በእግሯ ገበያ ትወርድ ነበር።

አዲሱን ባትሪ አስገባች። ነቅለን ሰካነው፣ ደግመን ነቅለን ሰካነው። አልረሳም።

ሕዳር 16፣ ሰኞ

ከሰዓት በኋላ። ፕሮግራሙን ከፈትኩ፣ ቁጥሮቹ ሁሉ አሉ። ሲም ካርዱ ገብቷል። መሥራቱን ለማየት አንድ መልእክት ወደ ራሴ ስልክ ልላክ አልኩ። ከባድ የሆነብኝ የሟች ስም ከሚለው ቦታ ላይ ምን እንደሚጻፍ ነው። የቆመ ሰው ስም እዚያ ላይ አይጻፍም፣ ለሙከራም ቢሆን። ባዶውን ተውኩት። ከታች፦ ይህ የእድሩ ኮምፒዩተር ከተጠገነ በኋላ የሚደረግ ሙከራ ስለሆነ ማንም እንዳይደነግጥ ብዬ ጻፍኩ። ላክሁ። ስልኬ ጮኸ። ይሠራል።

ለማን በሚለው ቦታ ምን ይል እንደነበር አላየሁም። አሁን እየጻፍኩ ትዝ አለኝ። ነገ አየዋለሁ።

ሕዳር 17፣ ማክሰኞ

ሁሉን መጻፍ አለብኝ፣ እንዳለ።

ጠዋት ፀሐይ ገና ሳሎን ስትገባ፣ ፀሐይቱን ትራስ ደግፌ አስቀምጬ ሻይ እያጠጣኋት ነበር። ከውጭ የሴት ለቅሶ ሰማን። ለቅሶው ወደኛ እየቀረበ መጣ። ስም ይጠራል። ፀሐይቱ ሻዩን ከአፏ አርቃ አዳመጠች።

"ይቺ ጀማነሽ አይደለችም?" አለች። "ማን ሞቶባት ነው?"

አዳመጥኩ። ጀማነሽ የምትጠራው ፀሐይቱን ነበር። የእኔ ፀሐይቱ፣ ሳልሰናበትሽ እያለች፣ ደረቷን እየመታች፣ ከኮዬ ፈጬ ድረስ በሌሊት ተነስታ መጥታ ከደጃችን ደረሰች። ሮጬ በሩን ከፈትኩ። አንገቴን ይዛ ለቅሶዋን ለቀቀችው።  በትከሻዬ ላይ አሻግራ አልጋውን አየች፣ ፀሐይቱ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣለች። ጀማነሽ እዚያው የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ግቢ እንጂ" አለቻት ፀሐይቱ። "ለቅሶዬ ላይ መጥተሽ በር ላይ ትቀመጫለሽ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማን የሚለው ቦታ ለሁሉም አባላት ይል ኖሯል። ኢያቄም ሲሠራው እንዲያ አድርጎ ትቶታል፣ እድር ለአንድ ሰው ብቻ መልእክት ልኮ ስለማያውቅ። በእያንዳንዱ መልእክት መጀመሪያም ፕሮግራሙ ራሱ፦ የሐዘን መልእክት፣ ከእድሩ ጸሐፊ ከታዲዎስ ብሎ ይጽፋል። የአማርኛ መልእክት ሲረዝም ደግሞ ለሁለት ይቆረጣል። የሰው ስልክ ላይ ቀድሞ የደረሰው የሐዘን መልእክት ከታዲዎስ የሚለው ነው። ሙከራ መሆኑን የሚናገረው ቁራጭ ለአንዳንዱ ዘግይቶ ደረሰ፣ ለአንዳንዱ አልደረሰም፣ የደረሰውም አላነበበውም። ከዚያ ቁጥር መልእክት መጣ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው። ከታዲዎስ ሲባል ደግሞ ሁሉም ፀሐይቱን አሰበ። መልእክቱም ለብዙው የደረሰው መሽቶ ነው፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ይመጣሉ እንጂ አይደውሉም። ስለ እሷ እኔ ለማንም አልነገርኩም ነበር። ለካ ሁሉም ያውቃል።

መጡ። ከገላን መጡ፣ ከአራብሳ መጡ፣ በሁለትና በሦስት ታክሲ ተሸጋግረው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ይገባሉ፣ ያዩአታል፣ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ለቅሶ ያለቅሳሉ። ራቢያም መጣች፤ ደጋጋ ነግሯት ነው። የእድራችን አባል ባትሆንም መጣች። ደጋጋ ራሱ ድንኳኑን በፒካፕ ጭኖ ደረሰ። ከመኪናው ወርዶ ነገሩን ሲሰማ እኔን እንዳየኝ ማንም አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ ሳቀ፣ እንባው እየወረደ ሳቀ። በሕይወት እያለ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል አለ። ገበያው ጥሩንባውን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ይዞ ነበር። እንዲህ ላለው ቀን ይጠቅማል ብዬ ነበር አለኝ፣ አፍሮ።

ቤቱ ሰውን አልቻለም። ፀሐይቱ ድንኳኑን ትከሉት አለች። እኔ አይሆንም ልል ስል ደጋጋ፣ "ድንኳን ለሠርግም ይተከላል" አለኝ። በፈረሰው ቤት ቦታ ላይ ተከሉት፣ ድሮ የጀማነሽና የአምኃ ግቢ በነበረው ላይ። ፀሐይቱን ከነወንበሯ ተሸክመን መካከል አስቀመጥናት። አንዷ ሴት ለለቅሶው ብላ ንፍሮ ቀቅላ መጥታ ነበር፣ ድስቱን የት እንደምትደብቀው ጠፍቷት ቆማለች። ፀሐይቱ አየቻት፣ አምጪው አለች። ሁለት ሦስት ፍሬ አኘከችና ጨው አንሶታል አለቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ጀማነሽ እስክታስል ሳቀች። "ታዲዎስ፣ ሁለተኛ ብትጠራን አንመጣም" አለችኝ።

ከምሳ በኋላ ፀሐይቱ ደከማት። ግን አልገባም አለች። በድንኳኑ ውስጥ ዙሪያውን አንድ በአንድ ታየናለች። የመጣውን ሰው ስም ለራሷ ትጠራዋለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የሁሉንም ስም ጠርታ ጨረሰች። ከዚያ እኔን ጠራችኝና ጆሮዬ ላይ፣ "በቃ፣ ይሰማኛል ያልኩት ሁሉ ሰምቶኛል" አለች።

ሕዳር 20፣ ዓርብ

ሰብሊ ከሥራ ወጥታ ስትመጣ ተነጋገርን፣ ሦስታችንም። ፀሐይቱ ናት የጀመረችው። ዶክተሩ ያለው ገብቶኛል፣ ሰብሊም ገብቷታል፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው አለችኝ። ገብቶኛል አልኳት። መቼ አለችኝ። ዶክተሩ ሲናገር አልኳት።

ሰብሊ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ጉንፋን አልነበረም፣ ያን ዕለትም አውቄዋለሁ። ፈራሁ። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዴት ብቻዬን እንደምውል አላውቅም። ይህን ለእሷም ነገርኳት። ፀሐይቱ፣ ይኸው ኮምፒዩተሩ አለልህ አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ፣ ፊቷ ላይ፣ ሳልደበቅ።

ሕዳር 24፣ ማክሰኞ

ዝርዝሩን በፍላሽ ገለበጥኩ። በወረቀትም ጻፍኩት። አንዱን ለደጋጋ፣ አንዱን ለሰብሊ ሰጠሁ።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ብዙ ትተኛለች። ስትነቃ መብራቱ አለ ወይ ትላለች። አለ እላለሁ። ባትሪዋስ ትላለች። ደህና ናት እላለሁ።

ዛሬ ኮምፒዩተሩን አልነካሁም። አጠገቧ ተቀምጬ ዋልኩ፣ እጇን ይዤ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳሎን ሳትገባ። ሰብሊም እኔም አጠገቧ ነበርን። አልተሰቃየችም።

ሰብሊ እኔ ልላከው አባዬ አለችኝ። ጸሐፊው እኔ ነኝ አልኳት። አበራሁት። የቱን ልክፈት ብሎ ጠየቀኝ፣ ሁለተኛውን ከፈትኩ። ለማን በሚለው ላይ ለሁሉም አባላት ይላል፣ አልነካሁትም። የሟች ስም በሚለው ቦታ ስሟን ሙሉውን ጻፍኩ፣ ከነአባቷና ከነአያቷ። ፊደል ሳልሳሳት ጻፍኩት።

ልልክ ስል ጀማነሽ ያለችው ትዝ አለኝ። ሰው ያለፈውን አስታውሶ፣ ታዲዎስ ደግሞ ተሳሳተ ብሎ፣ ፈገግ ብሎ ስልኩን ኪሱ ቢከት ምን አደርጋለሁ? ከታች ልጨምርበት ብል፣ ከታች ያለው ይቆረጣል፣ ይዘገያል። ስለዚህ ጠቋሚውን ወደ ላይ መለስኩና ከስሟ በፊት፣ መጀመሪያ የሚደርሰው ቦታ ላይ፣ ይህን አስገባሁ፦

ይኼኛው ሙከራ አይደለም።